የአእምሮ ሕመም ለያዘው ሰው ረዳት ስለ መፈለግ

ለመምህራንና ለአገር ሽማግሌዎች የተዘጋጀ ትምህርት

መግቢያ

ሰው ከሥጋና ከነፍስ የተሠራ ፍጥረት ስለ ኾነ ሕመሙም በኹለት ወገን ይመጣበታል። እግሩ የተሰበረውን ሰው ወጌሻ ያየዋል፤ ወባ የያዘው ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰዳል፤ ይህን የማያውቅ ባላገር የለም። አእምሮው የታመመ ሰው ግን ወዴት እንደሚወሰድ የሚያውቀው ጥቂት ነው። ስለዚህ ቤተ ሰቡ ዛሬ ወደ አንዱ ጠንቋይ፥ ነገ ወደ ሌላው ሲሮጥ ገንዘቡ ያልቃል፥ ጊዜውም ያልፋል። በመጨረሻም ሕመሙ ይጸናና ሰውየው በገመድ ወይም በሰንሰለት ታስሮ በጓዳ ይቀመጣል። ይህም የሚኾነው ዘመዶቹ ስለ ጠሉት አይደለም፤ መንገዱን የሚያሳያቸው ሰው ስላጡ ነው።

በባላገር ዘንድ ያልታወቀ ነገር ሲገጥም የሚጠየቁት መምህሩና ሽማግሌው ናቸው። ደብዳቤ ሲመጣ የሚያነበው መምህሩ ነው፤ ጠብ ሲነሣ የሚያስታርቀው ሽማግሌው ነው። ስለዚህ ይህ ትምህርት ለእነርሱ ተጻፈ። የተጻፈውም ሐኪም እንዲኾኑ አይደለም፤ የታመመው ሰው ወደ ማን፥ በምን ተራ፥ ምን ይዞ መቅረብ እንደሚገባው ዐውቀው እንዲያደርሱት ነው። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። የአእምሮን ሕመም ግን ሕመምተኛው ብቻ ሳይኾን አገሩም ጭምር ይደብቀዋልና ለመግለጥ የኹሉም እርዳታ ያስፈልጋል።

ምሳሌ

በጣርማ በር አፋፍ ላይ የሚኖር አንድ ገበሬ ይታሰብ። በ2014 ዓ.ም. በኅዳር ወር ጦርነቱ እስከ ደብረ ሲና አካባቢ በደረሰ ጊዜ ይህ ሰው ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ወደ ደብረ ብርሃን ተሰደደ። ሲመለስ ቤቱ ተከፍቶ፥ የገብሱ ጎተራ ባዶ ኾኖ ቈየው። ጎረቤት ረዳው፥ ዘር ተበደረ፥ ቤቱንም አበጀ። ሰው ኹሉ «ዳነ፥ ተቋቋመ» አለ።

ነገር ግን ጥቂት ወራት ካለፉ በኋላ ሌሊት እንቅልፍ አጣ። የጭነት መኪና ከዋሻው ሲወጣ ድምፁን በሰማ ጊዜ ደንግጦ ይወድቃል። በሬዎቹን ጠምዶ ሳለ በትልሙ መካከል ቆሞ ይቀራል። ከዚህ ቀደም እጁን አንሥቶ የማያውቀውን ልጁን መታ። ማታ ማታ ሐሳቡን ለመርሳት አረቄ ይጠጣል፤ ሲነጋ ግን ሐሳቡ በርትቶ ይመጣበታል። ሚስቱ «ሐሳብ ገባው» ትላለች። አንዱ ጎረቤት «ለክፎት ነው» ይላል። ሌላው «ወንድ አይደለም፥ ፈሪ ነው» ብሎ ያማዋል።

ይህ ገበሬ ስሙ የሚጠራ አንድ ሰው አይደለም፤ ለትምህርት የቀረበ ምሳሌ ነው። ኾኖም ይህን የሚመስል ሰው በየመንደሩ አለ። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2019 ባወጣው ግምት፥ ጦርነት ባለፈበት አገር ከሚኖሩ ከ5 ሰዎች አንዱ ከቀላሉ ጀምሮ እስከ ከባዱ ድረስ በአንድ ዐይነት የአእምሮ ሕመም ይያዛል። እንግዲህ ይህን ገበሬ የት እንውሰደው የሚሉት ወዳጆቹ ምን ማድረግ እንደሚገባቸው በየክፍሉ ይታያል።

1ኛ ክፍል፤ ሕመምን ከሐዘን ስለ መለየት

ያዘነ ሰው ኹሉ ታመመ አይባልም። ልጁን የቀበረ አባት ቢያለቅስ፥ እህል ቢያስጠላው፥ እንቅልፍ ቢያጣ የሰው ባሕርይ ነው። ለዚህም ሕዝቡ ከጥንት ጀምሮ ልቅሶን፥ ሰልስትን፥ አርባን፥ ተዝካርን ሠራ፤ እድርተኛውም ሐዘንተኛውን ብቻውን አይተወውም። እንዲህ ያለ ሐዘን ቀን በገፋ ቍጥር ቀስ እያለ ይቀልላል።

ሕመም የሚባለው ግን ሳይቀልል ሲቀር ነው። ለ2 ሳምንት ወይም ከዚያ ለበለጠ ጊዜ፥ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር አኳኋን፥ ልቡ ከጨለመ፥ ይወደው የነበረውን ነገር ከጠላ፥ ከእንቅልፍና ከእህል ከተለየ፥ ሥራውንም መሥራት ካቃተው፥ ያ ሰው ረዳት ያስፈልገዋል። እንደዚሁም ከመከራ በኋላ ያለፈው ነገር ዛሬ እንደሚኾን ኾኖ በሕልምና በእውን የሚመጣበት፥ በጥቂት ድምፅ የሚደነግጥ፥ መከራው የኾነበትን ሥፍራ የሚሸሽ ሰው ታሟል። ሌላ ሰው የማይሰማውን ድምፅ የሚሰማ፥ ዘመዶቹ ሊገድሉት እንደ ተማከሩ የሚያምን፥ ወይም ያለ ልክ ደስ ብሎት ሌሊቱን ሳይተኛ ገንዘቡን የሚበትን ደግሞ ሕመሙ የከበደ ስለ ኾነ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ሊደርስ ይገባዋል። በወለደች በጥቂት ሳምንት ውስጥ ልቧ የጨለመባት፥ ሕፃንዋንም ማየት የተሳናት እናት ክፉ ሆና አይደለም፤ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የታወቀ ሕመም ነው፥ ይድናልም።

ከዚህም በቀር የሥጋ ሕመም የአእምሮን ሕመም መስሎ ይመጣል። ከሸዋ ሮቢት ቆላ ወባ ይዞት የወጣ ሰው በትኩሳት ሊቃዥና ሊቀባጥር ይችላል። የእንቅርት ሕመም ሰውን ያስጨንቃል ወይም ያደነዝዛል። ራሱን የተመታ ሰውም ጠባዩ ሊለወጥ ይችላል። የሚጥል በሽታም የአእምሮ መበላሸት አይደለም፤ በትንፋሽም ኾነ በአረፋው አይተላለፍም፤ በየቀኑ በሚዋጥ መድኃኒት ብዙዎቹ ከመውደቅ ያርፋሉ። ስለዚህ አስቀድሞ ሥጋን መመርመር ይገባል። ይህንንም ማድረግ የሚችል የጤና ባለሙያ እንጂ ጎረቤት አይደለም።

2ኛ ክፍል፤ ረዳቶቹ እነማን እንደ ኾኑ

ብዙ ሰው «የአእምሮ ሐኪም» ሲባል አንድ ዐይነት ሰው ብቻ ይመስለዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም።

አንደኛው ሳይካትሪስት የሚባለው ነው። ይህ አስቀድሞ አጠቃላይ ሕክምናን ተምሮ በኋላ የአእምሮን ሕመም ለብቻው ያጠና ሐኪም ነው። ሕመሙን ይለያል፥ መድኃኒት ያዝዛል፥ ሲያስፈልግም በሆስፒታል ያስተኛል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ይህ ትምህርት እስከ ተዠመረበት እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ እንዲህ ያለ ሐኪም ለመኾን ወደ ውጭ አገር መሄድ ግድ ነበር፤ ቍጥራቸውም እጅግ ጥቂት የኾነው ስለዚህ ነው።

ኹለተኛው የአእምሮ ሕክምና ነርስ ነው። የእነዚህ ነርሶች ትምህርት በ1979 ዓ.ም. በአማኑኤል ሆስፒታል ተዠመረ። ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉት ሆስፒታሎች ለረጅም ዘመን የአእምሮን ሕሙማን ሸክም የተሸከሙት እነርሱ ናቸው። ነርስ ነው ተብሎ ሊናቅ አይገባውም።

ሦስተኛው የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው። ይህ መድኃኒት አያዝዝም፤ ሥራው በንግግር ነው። ሕመምተኛው ከእርሱ ጋር በቀጠሮ ይቀመጣል፤ ብዙ ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሰዓት ያህል ነው። ባለሙያው ይጠይቃል፥ ያዳምጣል፥ ሐሳብ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚወስደው ያሳየዋል፥ በሳምንቱም ውስጥ የሚሠራው ትንሽ ሥራ ይሰጠዋል። ይህ ከምክር የተለየ ነው። ምክር የሚሰጥ ሰው «እንዲህ አድርግ» ይላል፤ ይህ ባለሙያ ግን ሰውየው ራሱ መንገዱን እንዲያገኝ ይረዳዋል።

ከእነዚህም ጋር የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኞች አሉ፤ የቤት ችግርን፥ የቤተ ሰብ ጠብን፥ የተፈናቃይን ጕዳይ ይከታተላሉ። በመጨረሻም በየጤና ጣቢያው ያሉ ነርሶችና የጤና መኰንኖች ስለ አእምሮ ሕመም አጭር ትምህርት ተምረው ቀላሉን እንዲያክሙ፥ ከባዱን እንዲያስተላልፉ የሚደረግበት ሥራ አለ። ይህ ሥራ የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ያወጣውን ዕቅድ ተከትሎ የመጣ ነው፤ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም በ2005 ዓ.ም. ባወጣው የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ተቀብሎታል።

3ኛ ክፍል፤ ከጣርማ በር የሚወጣ ሰው መንገድ

ጣርማ በር ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ፥ ጉም የማይለየው ብርዳም ሥፍራ ነው። ተራራውን የሚበሳው ዋሻ የተቈፈረው ጣሊያን ኢትዮጵያን በያዘበት ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። በዚያው ዘመን፥ በ1930 ዓ.ም. ገደማ፥ በአዲስ አበባ አማኑኤል ሆስፒታል ተቋቋመ። ይህ ሆስፒታል ለብዙ ዐሥርት ዓመታት በኢትዮጵያ ብቸኛው የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ነበረ። በዚያ ጊዜ ከጣርማ በር የታመመ ሰው ያለው ቤተ ሰብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ አዲስ አበባ ካልገባ በቀር የአእምሮ ሐኪም አያገኝም ነበር።

ያ ልማድ በሰው አሳብ ውስጥ ቀርቶ፥ ዛሬም ብዙ ሰው ወይ አማኑኤል ወይ ምንም ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ትክክለኛው ተራ እንዲህ ነው።

በመዠመሪያ፥ በቀበሌው ጤና ኬላ ያለችውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ መንገር ነው። ቤቱን ታውቃለች፥ ሰውየውንም ታውቃለች፤ ወደ ጤና ጣቢያም ትመራዋለች።

ቀጥሎ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ነው። በዚያ ሥጋው ይመረመራል። ቀላል ከኾነ በዚያው ይታከማል። ይህ ሕክምና ተራ መስሎት የሚንቀው ሰው ቢኖር፥ በጉራጌ አገር በሶዶ ወረዳና በአካባቢው የተደረገውን ይስማ። በዚያ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በኹለት ተከፍለው፥ እኵሌታዎቹ በሆስፒታል በአእምሮ ሕክምና ነርስ፥ እኵሌታዎቹ በቅርባቸው ባለ ጤና ጣቢያ አጭር ትምህርት በተማሩ ሠራተኞች ታከሙ። ውጤቱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2022 ታትሞ ሲወጣ፥ በጤና ጣቢያ የታከሙት በሆስፒታል ከታከሙት ያላነሰ መሻል አግኝተው ተገኙ።

ሦስተኛ፥ ጤና ጣቢያው ከዐቅሜ በላይ ነው ካለ፥ የሪፈር ወረቀት ጽፎ ወደ ሆስፒታል ይልከዋል። በደብረ ብርሃን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። አማኑኤልና ሌሎቹ የአዲስ አበባ ሆስፒታሎች የሚፈለጉት ከዚህ በኋላ ነው። ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ፥ በቅርብ የሚገኘውን ትቶ መሄድ ድካምም ወጪም ነው።

የሪፈር ወረቀትና የጤና መድን ደብተር ሊረሱ አይገባም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተዠምሮ ኋላ የተስፋፋ ነው። መድን ያለው ሰው ያለ ሪፈር ወደ ትልቁ ሆስፒታል ቢዘልል፥ ሂሳቡን ከራሱ ኪስ እንዲከፍል ሊገደድ ይችላልና።

ደግሞም ሕመምተኛውን ብቻውን መላክ አይገባም። ስለ ሕመሙ መናገር ያፍራል፥ ወይም ይረሳል። ከእርሱ ጋር የሚሄደው ሰው፥ ሕመሙ መቼ እንደ ዠመረ፥ እንቅልፉና እህሉ እንዴት እንደ ኾነ፥ ከዚህ በፊት ምን መድኃኒት እንደ ወሰደ፥ መጠጥና ጫት ይወስድ እንደ ኾነ፥ በዘሩ እንዲህ ያለ ሕመም ይኖር እንደ ኾነ በአንድ ወረቀት ጽፎ ይዞ ይሂድ። ይህን ወረቀት መጻፍ የመምህሩ ፈንታ ነው።

4ኛ ክፍል፤ ስለ ጸበልና ስለ መድኃኒት

በሰሜን ሸዋ የታመመ ሰው ሲገኝ ቤተ ሰቡ አስቀድሞ የሚያስበው ጸበል ነው። ወደ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ይሄዳሉ። ይህን የሚነቅፍ ትምህርት ሰሚ አያገኝም፤ መነቀፍም አይገባውም። ሕመምተኛው በጸበል ሥፍራ ጸሎት፥ ተስፋና አብሮ የሚለምን ሕዝብ ያገኛል። ጕዳቱ የሚመጣው ጸበልን ለማግኘት መድኃኒት መተው ግድ ነው ሲባል ነው።

መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፉ ሐኪምን ማክበርን ያስተምራል፤ መድኃኒትንም ከምድር ያበቀለ እግዚአብሔር እንደ ኾነ ይናገራል። ሉቃስ ወንጌላዊም ባለመድኃኒት ነበረ። በ1999 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ጸበል ስለ ገቡ መድኃኒቱን ሲጥሉ፥ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ኹለቱን አንድ ላይ መውሰድ እንደሚቻልና እንደማይቃረኑ ተናገሩ። ለአእምሮ ሕመም መድኃኒትም ነገሩ ይኸው ነው። ሙስሊሙም ወንድም ከሼሁ ዘንድ ዱዓ ሲያስደርግ ሐኪሙን የሚተውበት ምክንያት የለም።

መድኃኒቱን ስለ ማቋረጥ ግን አጥብቆ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። ለልብ መጨለም የሚሰጠው መድኃኒት በአንድ ቀን አይሠራም፤ መሻሉ የሚታየው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቈይቶ ነው። ይህን ያልተነገረው ሰው በ5ኛው ቀን «አልረዳኝም» ብሎ ይጥለዋል። ሌላው ደግሞ ሲሻለው «ዳንኩ» ብሎ ይተወዋል፥ ሕመሙም ይመለስበታል። የሚጥል በሽታን መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ደግሞ ለሕይወት ያሰጋል። ስለዚህ መድኃኒት የሚቀነሰውም የሚተወውም በሐኪም ቃል ብቻ ነው። የጾም ጊዜ ሲደርስ ሕመምተኛው የነፍስ አባቱን ያማክር፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው የምታዝንበት ሥርዓት አላት። መንገድ በጸጥታ ምክንያት ሊዘጋ በሚችልበት ጊዜም ሐኪሙን ለምኖ የጥቂት ሳምንት ትርፍ መድኃኒት በቤት መያዝ ብልኅነት ነው።

ስለ ማሰርም መናገር ይገባል። ሕመምተኛን በሰንሰለት የሚያስሩት ቤተ ሰቦች፥ ጠፍቶ ገደል እንዳይገባ ወይም ሰው እንዳይመታ ፈርተው ነው። ነገር ግን እስራት ሕመሙን አያድንም፤ እጅና እግሩን ያቈስላል፥ ልቡንም ይሰብረዋል። እስራትን የሚያስቀረው ሕክምና ነው። በዚያው በሶዶ ወረዳ ሕክምናው በጤና ጣቢያ ሲዠመር፥ ባለፈው ዓመት ታስረው ያውቁ የነበሩት ከ4 ሕሙማን አንዱ ያህል ነበሩ፤ ከአንድ ዓመት ሕክምና በኋላ ግን ቍጥራቸው ወደ ከ10 አንዱ ያህል ወረደ።

5ኛ ክፍል፤ ረዳትን ስለ መምረጥና ስለ መጠየቅ

ሐኪም ዘንድ የደረሰ ባላገር ብዙ ጊዜ አንገቱን ደፍቶ ያለ ጥያቄ ይመለሳል። መጠየቅ ግን ድፍረት አይደለም። በተለይ በንግግር የሚረዳ ባለሙያ የሚፈልግ ሰው እነዚህን ነገሮች አስቀድሞ ይጠይቅ።

1ኛ፤ የት ተማሩ? የሙያ ፈቃድስ አለዎት? እውነተኛ ባለሙያ ይህን ሲጠየቅ አይቈጣም። «በአንድ ቀን ፈጽሜ አድንሃለሁ» ከሚል ሰው ግን መራቅ ነው።

2ኛ፤ የምነግርዎት ነገር በምስጢር ይቀመጣልን? ምስጢር መጠበቅ የሙያው ሕግ ነው። ሕይወት የሚያጠፋ አደጋ ሲኖር ብቻ ለሚረዳ ሰው ሊነገር ይችላል። በትንሽ ከተማ ኹሉም ሰው ይተዋወቃልና ይህ ጥያቄ እጅግ አስፈላጊ ነው።

3ኛ፤ ሕመሜ ምን ይባላል? ሕክምናውስ ስንት ጊዜ ይፈጃል? አንዳንዱ በጥቂት ቀጠሮ ይፈጸማል። የዓለም የጤና ድርጅት በመከራ ላሉ ሰዎች ያዘጋጀው የንግግር እርዳታ በ5 ሳምንት በ5 ቀጠሮ የሚያልቅ ነው፤ የሚሰጡትም ሠልጥነው የሚቈጣጠራቸው ያላቸው ሌሎች ሰዎች ሊኾኑ ይችላሉ። አንዳንዱ ሕመም ግን ዓመታት ይፈጃል።

4ኛ፤ ዋጋው ስንት ነው? በመድን ይከፈላልን? ቀጠሮ ቢያልፍብኝ ምን ላድርግ?

5ኛ፤ ሴት ልጅ ወይም እናት ለወንድ ባለሙያ መናገር ካፈረች፥ ሴት ባለሙያ ትገኛለችን?

ባለሙያውና ሕመምተኛው ካልተስማሙ፥ ማለትም ከ3 ወይም ከ4 ቀጠሮ በኋላ ሕመምተኛው እንዳልተሰማ ወይም እንደ ተናቀ ከተሰማው፥ ይህን ለባለሙያው በግልጽ ይንገረው። ካልተሻሻለ ሌላ መፈለግ ነውር አይደለም። አንዱ ካልተስማማው ሕክምናው ኹሉ ከንቱ ነው ማለት ግን ስሕተት ነው።

6ኛ ክፍል፤ የሽማግሌውና የመምህሩ ፈንታ

ባለሙያው ሩቅ ሲኾን፥ ወይም ቀጠሮው እስኪደርስ፥ በመንደር የሚሠራ ሥራ አለ። ይህንንም የሚመሰክር ነገር በዚምባብዌ ተገኘ። በዚያ አገር ዲክሰን ቺባንዳ የሚባሉ የአእምሮ ሐኪም፥ ሐኪም በጣም ጥቂት መኾኑን አይተው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2006 አያቶችን ማሠልጠን ዠመሩ። እነዚህ አሮጊቶች በጤና ጣቢያ ግቢ በእንጨት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው፥ ልባቸው የጨለመባቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ያዳምጣሉ፤ ከችግራቸውም አንዱን መርጠው መፍትሔ እንዲፈልጉለት ይረዷቸዋል። በ2016 በታተመው ጥናት 573 ሰዎች ታዩ። ከ6 ወር በኋላ የልብ መጨለም ምልክት የቀረባቸው፥ አያቶቹ ከረዷቸው ከመቶ 14 ያህሉ ሲኾኑ፥ የተለመደውን እርዳታ ብቻ ካገኙት ግን ከመቶ 50 ያህሉ ነበሩ። የሾና ሕዝብ ሕመሙን የሚጠራው «ሐሳብ መብዛት» በሚል ትርጕም ባለው ቃል ነው፤ የጣርማ በር ሰው «ሐሳብ ገባው» እንደሚለው ማለት ነው።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሽማግሌ ኹሉ ሐኪም ነው የሚል አይደለም። አያቶቹ ተምረው፥ ባለሙያም እየተቈጣጠራቸው ሠሩ። ኾኖም ሳያቋርጡ፥ ሳይዘልፉ፥ ሳይፈርዱ ማዳመጥ መድኃኒት እንደ ኾነ ታወቀ። «የሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የሚለው ቃል ዝም ብሎ የተባለ አይደለም። ስለዚህ ሽማግሌው ያዘነውን ሰው ሲያገኝ «በርታ፥ ወንድ ልጅ አያለቅስም» ከማለት ይልቅ «ምን ኾንክ? ንገረኝ» ይበለው፤ ሲነግረውም እስከ መጨረሻው ይስማው። «እብድ» የሚለውን ስም ከአፉ ያውጣው፤ ሌላውም ሲል ይገሥጸው። እድሩ ለቀብር ብቻ ሳይኾን ለሕመምተኛ መሳፈሪያና ለመድኃኒት እንዲረዳ ያሳስብ።

መምህሩ ደግሞ ልጆቹን ይመልከት። ጎበዝ የነበረ ልጅ በድንገት ትምህርቱን ቢተው፥ ከጓደኞቹ ቢለይ፥ በክፍል ውስጥ ቢያንቀላፋ፥ በጥቂት ድምፅ ቢደነግጥ፥ ወይም ያለ ልማዱ ቢደባደብ፥ በአርጩሜ ከመምታት በፊት ለብቻው ጠርቶ ይጠይቀው፥ ወላጆቹንም ያነጋግር። በመከራ ያለፈ ልጅ ከኹሉ በፊት የሚያስፈልገው የታወቀ ሰዓት፥ የታወቀ ቦታና የማይቈጣ መምህር ነው። መምህሩ ራሱ ቢታመምም ሰው ነውና ስለ ክብሩ ብሎ አይደብቀው። መምህሩ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ያየ መንደር እርሱን ይከተላል።

7ኛ ክፍል፤ ሳይውል ሳያድር ስለሚደረግ ነገር

«ብሞት ይሻለኛል፥ ራሴን አጠፋለሁ» የሚል ሰው ሲገኝ ቀጠሮ አይጠበቅም። እንዲህ የሚል ሰው አያደርገውም ማለት ሐሰት ነው። «ራስህን ለማጥፋት ታስባለህን?» ብሎ በግልጽ መጠየቅም ሐሳቡን አያመጣበትም፤ ይልቁንም ሸክሙን ያቀልለታል። በዚያ ጊዜ ብቻውን አይተው። የተባይ መድኃኒትና ሌላ መርዝ፥ ገመድ፥ ጠመንጃም ከቤቱ ይውጣ፤ ይህን በማድረግ ብቻ የብዙ ሰው ሕይወት ይተርፋል። በዚያኑ ቀን በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይወሰድ። መርዝ የጠጣ ሰው ከኾነ ደግሞ በቤት ሊያስታውኩት ሲሞክሩ ጊዜ አይጥፋ፤ የጠጣው ዕቃ ተይዞ ወዲያው ወደ ሐኪም ይሩጡ።

ነቢዩ ኤልያስ ደክሞት ነፍሱ እንድትወሰድ በለመነ ጊዜ፥ መልአኩ የመጣው በተግሣጽ አልነበረም። አበላው፥ አጠጣው፥ አስተኛው፤ ከዚያም በኋላ ረጅሙን መንገድ ነገረው። በሞት አፋፍ ለቆመ ሰው የሚደረገውን እርዳታ ተራ ከዚህ መማር ይቻላል።

ማጠቃለያ

ከዚህ በላይ በምሳሌ የተነገረው ገበሬ ወዳጆቹ ይህን ትምህርት ቢያውቁ ኖሮ ምን ያደርጉ ነበር? ጎረቤቱ «ፈሪ» አይለውም ነበር። ሽማግሌው በቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ይሰማው ነበር። ሚስቱ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ትነግር ነበር። መምህሩ ሕመሙን በወረቀት ጽፎ፥ ወንድሙ የመድን ደብተሩን ይዞ፥ ወደ ጤና ጣቢያ ያደርሱት ነበር። ካልተቻለም በሪፈር ወደ ደብረ ብርሃን ይሄዳል። መድኃኒት ቢታዘዝለት በጊዜው ይውጣል፤ የንግግር ቀጠሮ ቢሰጠው አይቀርም፤ አረቄውን ይተዋል፤ በእሑድ ጸበሉን ይጠጣል። ምናልባት በመጀመሪያው ወር መሻሉ አይታይ ይኾናል። በተከታዩ የእርሻ ጊዜ ግን በሬዎቹን ጠምዶ ትልሙን ሊጨርስ ይችላል።

ሕክምና የዘገየበት ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሕመሙ እየከበደ፥ ማዳኑም እየጠና ይሄዳል። በቡታጅራ አካባቢ ከ68,000 በላይ ሰዎች በተጠየቁበት ጥናት፥ ከባድ የአእምሮ ሕመም ከተገኘባቸው አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ዘመናዊ ሕክምና አይተው አያውቁም ነበር። መንገዱ ስለ ራቀ ብቻ አይደለም፤ ይህን መንገድ ሂዱ ያላቸው ስላልነበረም ነው። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። ይህን ትምህርት ያነበበ መምህርና ሽማግሌ፥ በመንደሩ በዝምታ የታመመ አንድ ሰው ማን እንደ ኾነ ዛሬውኑ ያስብ፤ ነገም ደጁን ያንኳኳ።

የመልመጃ ጥያቄዎች

1ኛ፤ ሐዘን መቼ ሕመም ይባላል?

2ኛ፤ በሳይካትሪስትና በሥነ ልቦና ባለሙያ መካከል ያለው ልዩነት ምንድር ነው?

3ኛ፤ ከጣርማ በር የሚነሣ ሕመምተኛ በየትኛው ተራ ወደ ማን ይሄዳል? ምን ምን ይይዛል?

4ኛ፤ ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን ቢያቋርጥ ምን ጕዳት ይመጣበታል?

5ኛ፤ «ራሴን አጠፋለሁ» የሚል ሰው ቢገኝ በዚያው ቀን ምን ይደረጋል?

6ኛ፤ የመንደሩ እድር ለአእምሮ ሕሙማን ሊረዳ የሚችልበትን መንገድ ሽማግሌዎች ተሰብስበው ይምከሩበት፤ የተስማሙበትንም በጽሑፍ ያኑሩት።